ሰውሩ መባሉና መስክሩ መባሉ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስንጾም ከሰው ተሰውረን እንድንጾም አዝዞናል። በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 10 ግን በሰው ፊት የሚመሰክርለትን እርሱም በአባቱ ፊት እንደሚመሰክርለት፥ የሚክደውንም እንደሚክደው ይናገራል። እንግዲህ እንሰውር ወይስ እንግለጥ? በዲላና በጌዴኦ ለሚኖሩ ምእመናን ይህ ጥያቄ በየዐቢይ ጾሙ ከማዕድ ጋር አብሮ ይቀርባል።

በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቈጠራ እንዳሳየው፥ በጌዴኦ አብዛኛው ሕዝብ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ሲሆን ኦርቶዶክሳውያን በቍጥር ያነሱ ናቸው። ወንድም ከወንድሙ በእምነት ተለይቶ በአንድ ግቢ ይኖራል። በሁዳዴ ወደ ዘመዱ ቤት የገባ ምእመን ቅቤ የገባበት ቆጮ በፍቅር ይቀርብለታል። በዚህ ጊዜ አንዱ፥ «ሆዴን አሞኛል» ይላል። ሌላው በቤቱ ሰዎች ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተግሣጽ ይጀምራል። ሦስተኛው አፍሮ ይበላል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ስሕተታቸው ግልጥ ስለ ሆነ አንዘገይባቸውም። የሚያሳስበን ፊተኛው ነው፤ ጾሙን በመሰወሩ ትእዛዝ የፈጸመ ይመስለዋልና። እኛም ራሳችን እንዲህ ብለን ከማዕድ የተነሣንባቸው ቀኖች አሉ። ነገር ግን ጌታችን የከለከለው ከሰው ምስጋና ለማግኘት ፊትን ማጠውለግን ነው። ምስጋና በሌለበት ቤት ምን ይሰወራል? ጾመኛ በሚከበርበት አገር፥ በላሊበላ ወይም በጎንደር፥ ጾመኛ መምሰል ክብር ያስገኛል፤ ስለዚህ በዚያ መሰወር ትሕትና ነው። መጾም በሚያስገርምበት ቤት ግን መሰወር ፍርሃት ይሆናል፤ የሆድ ሕመም ሲጨመርበትም ሐሰት ይሆናል። ደግሞም ዐቢይ ጾም የአዋጅ ጾም ነው። ነቢዩ ኢዩኤልም በምዕራፍ 2 ጾም በመለከት እንዲታወጅ ተናግሯል። የሚሰወረው በግል የምንጾመው ነው፤ በአዋጅ የታወቀውን ማን ይሰውረዋል?

የማርቆስን ወንጌል ብንመለከት ይኸው ነገር ይገኛል። በምዕራፍ 1 ጌታችን ለምጻሙን ፈውሶ ለማንም እንዳይናገር በብርቱ አዘዘው። በምዕራፍ 5 ግን ከአጋንንት የተፈታውን ሰው፥ ከእርሱ ጋር ሊሄድ እየለመነው እንኳ ከልክሎ፥ ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ ሄዶ እንዲናገር ላከው። በገሊላ ዝናው እየበዛ ሕዝቡ ይጋፋ ነበር፤ በዐሥሩ ከተማ አገር ግን ሰዎቹ ከአገራቸው እንዲሄድላቸው ለምነውት ነበር። ትእዛዙ እንደ ስፍራው ተለየ። በእኛም አገር ዝም ማለት ሕይወትን፥ መናገር ሞትን በሚያመጣበት ሰዓት ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ዝምታን አልመረጡም፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት ዐረፉ።

ከእኛ የሚፈለገው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ በየዋህነት እንድንመልስ አስተምሮናል። እንግዲህ ቆጮው በቀረበ ጊዜ፥ «እናቴ፥ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጾም ላይ ነኝ» ማለት ይበቃል። ሰዓቱ ደርሶ እንደ ሆነም፥ ቅቤ ያልነካውን ከጎመን ጋር እንዲሰጡን መለመን ነውር የለበትም። የጌዴኦ ምድር፥ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ያ የእንሰትና የቡና ምድር፥ ለጾመኛ የሚሆን ምግብ አላጣም። ዘመዳችን ስለ ምን እንደምንጾም ቢጠይቀን በዚያው ቡና ላይ እንነግረዋለን፤ ባይጠይቀን ግን ስለ ልጆቹና ስለ ቡናው አዝመራ እንጨዋወታለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።