አንገት መድፋት ሁሉ መስማማት አይደለም

(በሰፈራችን እድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የሰው ልጅ በአፉ ብቻ አይናገርም። እጁም፣ ዓይኑም፣ ትከሻውም ይናገራል። ሽማግሌ ሲገቡ ብድግ ብለን «ኖር» ስንል፣ እሳቸውም «በእግዜር» ሲሉ፣ ከቃሉ በፊት የተናገረው መነሣታችን ነው። ዕቃ ስንቀበል ቀኝ እጃችንን ዘርግተን በግራው ክንዳችንን ደገፍ የምናደርገው ለአክብሮት ነው። ለቅሶ ቤት ከንፈር መምጠጥ «ኀዘንህ ኀዘኔ ነው» ማለት ነው። ሰው ስንጠራ መዳፋችንን ወደ ታች አድርገን ነው፤ በአንድ ጣት የጠራነው እንደሆነ ግን «ምነው፣ ውሻ ነኝ እንዴ?» ቢለን አይፈረድበትም። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ ለኛ «አዎ» ነው፤ አገሩን የማያውቅ እንግዳ ግን የደነገጥን ይመስለዋል።

ምልክት ከባድ ነገርም ይሸከማል። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ፈይሳ ሌሊሳ ማራቶኑን ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ ክንዶቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ አነሣ። ቃል ሳይተነፍስ ተቃውሞውን ዓለም ሰማው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ። የወር መዋጮ ይጨመር በተባለበት ስብሰባ ሰብሳቢው እኔ ነበርኩ። «ተስማምታችኋል?» አልኩ። ከፊት ያሉት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላ የተቀመጡት አንገታቸውን ደፉ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። እኔም «በሙሉ ድምፅ» ብዬ አስጻፍኩ። ከሁለት ወር በኋላ ሦስት እናቶች መክፈል አቆሙ። ቤታቸው ሄጄ ብጠይቅ አንደኛዋ «ልጄ፣ ያን ቀን እኮ ነግሬህ ነበር፤ አላየኸኝም እንጂ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በኛ ዘንድ በሰው ፊት «የለኝም» ማለት ያሳፍራል። አንገት መድፋት አክብሮትም፣ ሐፍረትም፣ «አቅሜ አይችልም» ማለትም ይሆናል። እኔ የሚመቸኝን ብቻ አነበብኩ። እድር የተቋቋመው ለማን ነው? ቀባሪ ያጣ ሰው እንዳይኖር አይደለም ወይ?

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የመዋጮውን ጉዳይ ዛሬ እንደገና እናየዋለን። ከእንግዲህ ውሳኔ በእጅ ቆጠራ ይሁን፤ የሚደግፍም የሚቃወምም ይቆጠር። በሰው ፊት እጁን ለማንሣት የሚያፍር ካለ፣ ለሚቀርበው የኮሚቴ አባል ለብቻው ይንገር፤ ስሙ አይነሣም። እኛም አንገቱን የደፋ ጎረቤት ስናይ ዝም ብለን አንለፈው፤ ጠጋ ብለን «ምነው?» እንበለው።