ጭስ የሌለው ኒኮቲን



በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከደጋው ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ጤና ጣቢያ ሲደርስ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ተብሎ ቢጠየቅ «አላጨስም» ይላል። እውነቱንም ነው። ከከንፈሩ ሥር ግን ቶምባክ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ያን አልነካም።

በከተማ ዛሬ የሚሰማው ክርክር ቬፕ ከሲጋራ ይሻላል ወይስ ይብሳል የሚል ነው። ቅጠል ስለማይነድበት ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሲጋራን ያህል አይገኝበትም፤ ይህ አይካድም። የኒኮቲኑ ነገር ግን ሌላ ነው። አንድ ሲጋራ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ኒኮቲን ሲይዝ፣ ወደ አጫሹ ደም የሚገባው 1 ሚሊግራም ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ነው። ሲጋራው አልቆ ሲጣል አወሳሰዱም ለጊዜው ያበቃል። ቬፕ ቁራጭ የለውም፤ በኪስ ተይዞ ቀኑን ሙሉ ይሳባል። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች የሚሰጡት ኒኮቲን አነስተኛ ነበር። በኋላ አሲድ የተጨመረበት፣ የኒኮቲን ጨው የሚባለው ፈሳሽ መጣና ጉሮሮ ሳይከረክር ብዙ ለመሳብ አስቻለ። ፈሳሹ ቢቀጥን እንኳ የለመደ ሰው አሳሳቡን አርዝሞ የለመደውን መጠን ይፈልጋል።

ከመተማ ዮሐንስ ማዶ፣ በሱዳን የተለመደው ቶምባክ ኒኮቲያና ሩስቲካ ከተባለው ብርቱ የትምባሆ ዝርያ ይዘጋጃል። ቅጠሉ ተፈጭቶ አትሮን ከሚሉት የሶዳ ጨው ጋር ይታሻል። የቬፕ ሠሪው አሲድ ሲጨምር የቶምባክ ሠሪው ተቃራኒውን ማድረጉ የሚያስገርም ነው፤ ሶዳው ኒኮቲኑን ነጻ አውጥቶ በአፍ ገለባ በኩል ወደ ደም ያሳልፈዋል። የሲጋራው ኒኮቲን በሰኮንዶች አንጎል ደርሶ ቶሎ ይወርዳል፤ የቶምባኩ ቀስ ብሎ ወጥቶ ይቆያል። ካንሰር አምጪ የሆነው ናይትሮሳሚንም በዓለም ከተመረመሩት የአፍ ትምባሆዎች መካከል እጅግ ከፍተኛ ሆኖ የተገኘው በቶምባክ ነው። ጭስ የለውምና ንጹሕ ይመስላል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና የሺሻን ንግድ ከልክሏል። በከንፈር ሥር የተያዘውን ግን ጠያቂ እንጂ ጉምሩክ አያገኘውም። በካላዛር ታሞ ለሳምንታት የሚተኛ ሠራተኛ ቶምባኩ ሲቋረጥበት ይቆጣል፤ እንቅልፍም ያጣል። ይህም የሕመሙ ወይም የመድኃኒቱ ጠባይ ተደርጎ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ያለው ጥያቄ «ትምባሆ በአፍ፣ በአፍንጫ፣ በጋያ፣ በሲጋራ ወይም በቬፕ ይወስዳሉ?» ቢሆን ይበጃል። ቀጥሎም «ጠዋት ከተነሡ በስንት ደቂቃ ውስጥ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ከ30 ደቂቃ በታች የሚል መልስ ልማዱ ጽኑ መሆኑን ያመለክታል።