ብርሃንና ኩራዝ



እኅቶቼ፣ ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የግሪክ ቃል ነው። ቃሉ ፎስ ነው፤ ብርሃን ማለት ነው። እንግዳ አይምሰላችሁ፤ በየግድግዳችን የምንሰቅለው «ፎቶ» የወጣው ከዚሁ ቃል ነው።

በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የዓለም ብርሃን ሲላቸው ቃሉ ፎስ ነው። ቀጥሎ መቅረዝ ላይ የሚቀመጠው መብራት ግን ሊክኖስ ይባላል። ዘይትና ክር ያለው፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ የሸክላ ኩራዝ ነበር።

እኔ ብርሃንን እፈራ ነበር። ዮሐንስ ምዕራፍ 3 ላይ ፎስ የተሠራውን ሁሉ ይገልጣልና። የማኅበራችንን ብድር ሁለት ወር ሳልከፍል የቀረሁ ጊዜ፣ መዝገብ በሚነበብበት ቀን «አመመኝ» ብዬ ቀርቻለሁ። አላመመኝም ነበር።

በሉቃስ ምዕራፍ 15 ከአሥር ድሪም አንዱ የጠፋባት ሴት ሊክኖስ አበራች። ያበራችው የጠፋውን ልትፈልግ ነው እንጂ ማንንም ልትወቅስ አይደለም። ስታገኘውም ወዳጆቿንና ጎረቤቶቿን ጠራች። በግሪኩ የተጠሩት ሴቶች ናቸው፤ አማርኛችን ይህን አይለይም።

በሦስተኛው ወር መጥቼ እውነቱን ተናገርሁ። ቀሪውን በአራት ወር እንድከፍል የተስማማችሁት እናንተ ናችሁ።