ታወር ሲወድቅ መልእክቱ በማን በኩል ይሂድ?



በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ ምድር ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ለከተማችን ለአረርቲ የሩቅ ወሬ አልነበረም፤ ፈንታሌ በስተምሥራቅ በኩል ጎረቤታችን ነው። እንዲህ ባለ ቀን የስልክ ታወር መብራት ቢያጣ ወይም ቢወድቅ፣ በየኪሳችን ያሉት ስልኮች እርስ በርስ መልእክት መቀባበል ይችላሉን? ለዚህ የሚሆን ሶፍትዌር ከተጫነላቸው ይችላሉ። ዋይፋያቸው ሜዳ ላይ ከመቶ ሜትር ብዙም ባይዘልቅም አንዱ ለሌላው ያቀብላል። ችግሩ ስልክ የያዘ ሰው አንድ ቦታ አለመቀመጡ ነው፤ አሁን የተገኘው መንገድ ከደቂቃ በኋላ ላይኖር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት ተፎካካሪ መልሶች ታትመዋል። ኦኤልኤስአር የተባለው ፕሮቶኮል መንገዱን ሁሉ አስቀድሞ ያጠናል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ በየ2 ሰከንዱ «አለሁ» ይላል፣ ከመካከላቸው የተመረጡት ደግሞ በየ5 ሰከንዱ የመረቡን ካርታ ያሰራጫሉ። መንገድ ለማግኘት መጠበቅ የለም። ነገር ግን ማንም ሳያወራም ባትሪ ይበላል፤ መብራት በጠፋበት ቀን ይህ ቅንጦት ነው።

ቻርለስ ፐርኪንስና ባልደረቦቹ ያወጡት ኤኦዲቪ የሚጠይቀው ሲቸግረው ብቻ ነው። አጠያየቁ እንደ ጥንቱ አዋጅ ነው፦ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እያንዳንዱ ጥያቄ መለያ ቁጥር አለው። ጥያቄውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ስልክ ሁሉ ከማን እንደሰማ መዝግቦ ያስተላልፋል፤ ያንኑ ጥያቄ ዳግመኛ ሲሰማ ዝም ይላል። መልሱም ያንን ምዝገባ ተከትሎ ወደ ጠያቂው ይመለሳል። ጥያቄው አገር እንዳያደነቁር መጀመሪያ እስከ 1 ቅብብል፣ ካልተገኘ እስከ 3፣ 5፣ 7 እየሰፋ ይሄዳል፤ መረቡን ሁሉ የሚያዳርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው የቅደም ተከተል ቁጥሩን ነው። ተፈላጊው መሣሪያ ስለ ራሱ አዲስ መረጃ ሲሰጥ ቁጥሩን ያሳድጋል፤ አነስተኛ ቁጥር የያዘ መረጃ አርጅቷልና ይጣላል። ይህ ባይኖር ሁለት ስልኮች «በእሱ በኩል ነው» እየተባባሉ አንድን መልእክት ሲያመላልሱት ይውሉ ነበር።

ለእኛ የምመርጠው ሁለተኛውን፣ ኤኦዲቪን ነው፤ ያውም ለአጭር ጽሑፍ ብቻ። ፎቶና ቪዲዮውን ተዉት፤ ጉፕታና ኩማር እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳዩት፣ በእንዲህ ያለ መረብ ውስጥ መሣሪያው በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ እየሳሳ ይሄዳል። ከተማው ውስጥ ቤት ከቤት ስለሚቀራረብ ቅብብሉ ይሠራል። ጤፍና ሽምብራ ማሳ ላይ ያለ ገበሬ ግን አጠገቡ ሌላ ስልክ ከሌለ የትኛውም ፕሮቶኮል መንገድ አይፈጥርለትም። ስለዚህ በመረጥኩት ፕሮቶኮል ላይ አንድ ነገር እንዲጨመር እጠይቃለሁ፦ መንገድ ያጣ መልእክት አይጣል፤ ስልኩ ይዞት ይቆይ፣ ባለቤቱ ወደ ከተማ ሲመጣ መጀመሪያ ላገኘው ስልክ ያስረክበው።