መኪናውን ከፍ ከማድረጋችን በፊት ጭነቱን እንመዝን

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ኮሎምበስ ኦሃዮ የቀረበ ንግግር



ኮሚቴው ይህን ሰዓት የሰጠኝ እጄ ከመኪና ሥር ስለማይጠፋ ነው። አጀንዳው ላይ «የአምቡላንሱ ሊፍት ኪት» ተብሎ የተጻፈውን እንዳብራራ ተጠይቄአለሁ። ለማታውቁት፣ ሊፍት ኪት ማለት የመኪናውን ሞላ፣ ባሌስትራና ሾክ አብዞርበር በሌላ ተክቶ መኪናውን ከመሬት ከፍ የሚያደርግ የዕቃ ስብስብ ነው።

መንዝ ላይ ወላድ እናቶችን የሚያመላልሰው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ክረምት በገባ ቁጥር መንገድ ላይ ይቀራል የሚል መልእክት ደርሶናል። ከመካከላችንም «አራት ኢንች ከፍ እናድርገው፣ ትልልቅ ጎማ እናልብሰው» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ ከአገር ፍቅር የመጣ ነው፤ አላጣጥለውም። እኔ የምለው ግን አንድ ነገር ነው። ከፍታውን ከመምረጣችን በፊት መኪናው በየቀኑ የሚሸከመውን ክብደት እንወቅ። ትክክለኛውን ኪት የሚመርጥልን ሚዛን ነው፤ ሜትር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ መኪናውን እንለይ

እዚህ ኦሃዮ ከፍ ብለው የምናያቸው መኪኖች ብዙዎቹ ጂፕ ራንግለር ናቸው። ራንግለር የሚሠራው ከእኛ በስተሰሜን ቶሊዶ ከተማ ውስጥ ነው። ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል አለው፤ አራቱም እግሩ የሚያርፈው በሞላ ላይ ነው። አንዳንዶቻችሁ የምትነዱት ታኮማ ደግሞ የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። እንዲህ ያለው መኪና ብዙ ከፍ ሲል ጎማውን የሚያዞሩት አጫጭር ዘንጎች በሰያፍ ይቆማሉ፤ መጋጠሚያቸውም ቶሎ ያልቃል።

የአገራችን ሃርድቶፕ ከሁለቱም ይለያል። ቶዮታ ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘሮችን አሜሪካ ውስጥ አዲስ አይሸጥም። ስለዚህ እዚህ መደብር መደርደሪያ ላይ ያለው ኪት፣ ዋጋው ቢረክስም ቢወደድም፣ ለእኛ መኪና የተሠራ አይደለም። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው ባለ 78 ሃርድቶፕ ፊቱ ድፍን አክስል በሞላ፣ ኋላው ደግሞ ድፍን አክስል በባሌስትራ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ባለ 75 ግን አራቱም እግሩ ባሌስትራ ነው። የሁለቱ ዕቃ አይገጣጠምም። ስለዚህ አንድ ዶላር ከማውጣታችን በፊት ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለው የሞዴል ሰሌዳ ፎቶ ተነሥቶ ይላክልን።

ከፍታ ምን ይረዳል፣ ምን አይረዳም

ሞላና ባሌስትራ ሲረዝሙ የሚነሳው ሻንሲውና ቦዲው ነው። ጥቅም አለው። መኪናው ቁልቁል ወርዶ ቦይ ሲሻገር ፊቱ አፈር አይገጭም፤ ሆዱም ድንጋይ ላይ አይቀመጥም። ነገር ግን በአክስሉ መካከል ያለው ዲፈረንሻል እዚያው በነበረበት ይቀራል፤ የተንጠለጠለው ከጎማው ጋር ነውና። ክረምት ላይ ዋልካው ሲርስና የጭነት መኪና ጎማ ቦይ ሲቆፍርበት፣ በሁለቱ ቦዮች መካከል ያለውን ጭቃ የሚያርሰው ይህ ዲፈረንሻል ነው። አራት ኢንች ከፍ ብናደርገው እንኳ እሱ አንዲት ሚሊ ሜትር አይነሳም።

ዲፈረንሻሉን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም የዲያሜትሩን ጭማሪ ግማሽ ያህል። የሃርድቶፑ መደበኛ ጎማ 7.50 በ16 ሲሆን ቁመቱ ወደ 32 ኢንች ይጠጋል። 35 ኢንች ጎማ ብናለብሰው የምናገኘው አንድ ኢንች ተኩል ያህል ነው። ለዚህ የምንከፍለው ግን ብዙ ነው። ጎማው በአሥር በመቶ ገደማ ስለሚረዝም እያንዳንዱ ማርሽ በዚያው ልክ ይከብዳል። የፍጥነት መለኪያው 60 ሲል መኪናው 66 ገደማ ይሄዳል። ፍሬኑም የበለጠ ይደክማል።

መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በብዙዎቹ ሃርድቶፖች ላይ ያለው 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ደግሞ ቱርቦ የለውም፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይሳሳል። በደከመ ሞተር ላይ የከበደ ጎማ ጨምረን ዳገት ውጣ ማለት አህያን ጭኖ በእግሯ ድንጋይ ማሰር ነው። በእኔ አስተያየት ጎማው በመደበኛ ልኩ ይቆይ፤ ጥርሱ ግን ለጭቃ የሚሆን ይሁን።

ዋናው ነገር፣ ክብደቱ

ሁለት ሞላዎች ቁመታቸው እኩል ሆኖ ጥንካሬያቸው ሊለያይ ይችላል። ጥሩ አምራቾች ኪት ሲሸጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «መኪናው ዘወትር ስንት ኪሎ ይሸከማል?» ብለው ነው። ለምሳሌ ኤአርቢ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ኦልድ ማን ኢሙ በሚለው ስም የሚሸጠው ሞላና ባሌስትራ፣ ለአንድ መኪና እንኳ፣ በጭነት ልክ የተለያየ ነው።

እስቲ የእኛን እናስላው። ሹፌር፣ የጤና ባለሙያ፣ እናቲቱና ሁለት አስታማሚ፣ አምስት ሰው በአማካይ 60 ኪሎ ቢመዝን 300 ኪሎ ነው። ቃሬዛው፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ፣ መለዋወጫ ጎማው፣ ጀሪካኑና መፍቻው ተደምረው 150 ኪሎ ቢሆኑ በጠቅላላው 450 ይደርሳል። ነገር ግን ይህ ክብደት ሁልጊዜ መኪናው ላይ የለም። ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሲሄድ ይሞላል፤ ሲመለስ ሹፌሩና ዕቃው ብቻ ይቀራሉ። ዘወትር ያለው ወደ 200 ኪሎ ገደማ፣ የሚመጣና የሚሄደው 250 ነው ማለት ነው። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ትክክለኛውን ሚዛን ይንገረን።

«ጠንካራ ይሻላል» ብለን ለ600 ኪሎ የተሠራ ባሌስትራ ብንገዛ፣ መኪናው ሳይሞላ የኋላው ይዘላል፤ ጎማው ከመሬት ይለቃል፤ ምጥ የያዛት ወይም ደም የሚፈስሳት እናት ደግሞ የተኛችው በትክክል የኋላው አክስል አናት ላይ ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። በጣም ለስላሳ ከገዛንም ኋላው ይተኛል፤ ፊቱ ሽቅብ ያያል፤ መሪው ይቀላል፤ ባሌስትራውም በየጉድጓዱ እየተመታ ይሰበራል።

ሌላም አለ። ባሌስትራ ያረጃል። ለዓመታት የተጫነ ባሌስትራ ቅስቱን አጥቶ ቀጥ ይላል፤ መኪናውም በራሱ ጊዜ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አገር ቤት ያለው መካኒክ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጉ ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም በኩል ይለካልን። አርጅቶ አራት ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር ወርዶ ከሆነ፣ አዲስ መደበኛ ሞላና ባሌስትራ ብቻ ያጣነውን ከፍታ ይመልስልናል። ሊፍት ኪት ያልነው ነገር ጥገና ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከፍ ሲል ተከትሎ የሚመጣው

ከዚያ በላይ ከፍታ ካስፈለገ፣ የእኔ ጣሪያ 50 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ኢንች ገደማ ነው። ከዚያ ሲያልፍ አንዱ ዕቃ ሌላውን ይጠራል። የፊት አክስሉ ትንሽ ስለሚዞር መሪው መንገድ መያዝ ያቅተዋል፤ ይህን የሚያስተካክል ልዩ ቡሽንግ ይፈልጋል። አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ዘንግ ያጥርና አክስሉን ወደ አንድ ወገን ይስበዋል። ኃይል ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ዘንግ በሰያፍ ስለሚቆም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የፍሬን ዘይት ቱቦው ያጥራል፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ከተበጠሰ ፍሬኑ ክፉኛ ይደክማል ማለት ነው። አነስ ባለው ከፍታም ቢሆን ሾክ አብዞርበሩ ለአዲሱ ቁመት የተሠራ መሆን አለበት፤ የፍሬን ቱቦውም መፈተሽ አለበት።

መኪና ከፍ ሲል ክብደቱም አብሮ ይወጣል፤ በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። የኦሃዮ ሕግ እንኳ ለዚህ ገደብ አለው፤ ከ4,501 እስከ 7,500 ፓውንድ ለሚመዝን የጭነት መኪና የፊት መከላከያው ከ27 ኢንች፣ የኋላው ከ29 ኢንች በላይ ከፍ እንዲል አይፈቅድም። ጣርማበር ገደል አፋፍ ላይ በጉም የሚነዳ መኪና ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ቢደረግለት አይበዛበትም። አገር ቤትም መኪናው በየዓመቱ ለቦሎ ስለሚመረመር፣ ከመቀየሩ በፊት የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጠየቅ።

እንግዲህ ከጭቃው ምን ያወጣዋል?

ከከፍታ በፊት ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ጥርሱ ያላለቀ የጭቃ ጎማ። ሁለተኛ፣ የጎማ አየር። ጭቃ ላይ አየሩን ወደ 25 ፒኤስአይ አካባቢ ዝቅ ማድረግ ጎማውን ያሰፋዋል፤ ከጭቃው ሲወጣ ግን መልሶ መሙላት ግድ ነው። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ ኮምፕሬሰርና የአየር መለኪያ እንላክ። ሦስተኛ፣ አካፋ፣ የመጎተቻ ገመድና እነዚህን የሚያውቅ ሹፌር። አራት ጎማውን መቼ እንደሚያስገባ፣ ከባዱን ማርሽ መቼ እንደሚጠቀም ያልተማረ ሹፌር በማንኛውም ኪት ጭቃ ውስጥ ይቀራል።

በጋ ላይ ደግሞ ችግሩ የጠጠሩ መንገድ ሽንሽን ነው። ሾክ አብዞርበር የመኪናውን መዝለል ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው የሚሠራው፤ ሰዓታት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ዘይቱ ይግልና አረፋ ይሆናል፤ ሥራውንም ይተዋል። ገንዘባችን ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ጋዝ ባለበት ጥሩ ሾክ አብዞርበር ላይ ይዋል ባልኩ ነበር።

የማቀርበው የውሳኔ ሐሳብ

1ኛ፣ የሞዴሉ ሰሌዳ፣ የአራቱ ማዕዘን ልኬትና በምድር ሚዛን የፊትና የኋላ አክስሉ ክብደት፣ ባዶውንም ተጭኖም፣ ለየብቻ ተለክቶ ይላክልን።

2ኛ፣ ቁጥሩ እስኪመጣ ድረስ ምንም ዕቃ አይገዛ። ከዚህ ከተበተነ መኪና የተፈታ ሞላም አይላክ፤ የኦሃዮ ክረምት ጨው የበላው ብረት ለመንዝ ድንጋይ አይሆንም።

3ኛ፣ ግዢው በዘወትር ጭነቱ ልክ የሆነ ሞላ፣ ባሌስትራና ሾክ አብዞርበር፣ ቢበዛ 50 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከአንድ አምራች በአንድ ላይ ይሁን። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች አዲስ ይሁኑ፤ አሮጌው ተመልሶ አይታሰር።

4ኛ፣ ገጣሚው መካኒክ የባሌስትራውን ቡሎኖች መጨረሻ የሚያጠብቀው መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ቡሽንጉ ይቀደዳል። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላም ሁሉም ቡሎን እንደገና ይጠብቅ።

5ኛ፣ ለትልልቅ ጎማና ለተጨማሪ ከፍታ የታሰበው ገንዘብ ወደ ጭቃ ጎማ፣ ኮምፕሬሰርና የሹፌር ሥልጠና ይዙር።

ወገኖቼ፣ መኪናው ከፍ ብሎ ፎቶው ሲላክልን ደስ እንደሚለን አውቃለሁ። ነገር ግን የዚህ ሥራ መለኪያ ከመሐል ሜዳ የተነሳች እናት ደብረ ብርሃን ስትደርስ ያለችበት ሁኔታ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ ከዚያ ወደ ድምፅ አሰጣጡ እንሂድ።