መጀመሪያ መለካት

(በጭሮ ከተማ ማንበብና መጻፍ ለተማሩ ጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል ወደነበረችው ወደዚህች ከተማ ተመድቤ የመጣሁ ዕለት አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማሪው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «የልብስ ዲዛይን ነው» አልኳቸው። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። «ልብስ እንዴት እንደሚነደፍ፣ እንደሚቆረጥና እንደሚሰፋ ነው» ስላቸው ሳቁብኝ። «አሥራ ሁለት ዓመት ተምረሽ መርፌ ልትይዢ? እሱንማ ገበያ ውስጥ ያለው ልብስ ሰፊ ያስተምርሽ ነበር!» አሉኝ። ያን ዕለት መልስ አጣሁ። ዛሬ ልመልስላቸው ነው። ካሉት ነገር ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን አይደለም።

የጨርቅ ትምህርት በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በባሕር ዳር የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲቋቋም፣ ከሚሰጡት ሙያዎች አንዱ የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ነበር። ይህ ትምህርት ቤት በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ሥር የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። የፋሽን ዲዛይን ትምህርትም እዚያ ይሰጣል።

«ፋሽን» ማለት በየጊዜው የሚለዋወጥ የአለባበስ ዓይነት ነው። «ዲዛይን» ማለት ደግሞ አንድን ነገር ከመሥራት በፊት አስቦ መንደፍ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ቦታውን በገመድ ይለካል፤ ችካል ይተክላል። ዝም ብሎ ግድግዳ አያቆምም። ልብስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ተማሪው ስለ ጥጥና ስለ ሱፍ፣ ስለ ድርና ስለ ማግ፣ ስለ ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ሰው ሰውነት ይማራል።

አሁን የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ከተማሪዎቼ አንዲት እናት ቀሚስ እንድሰፋላቸው ጠየቁኝ። ትከሻቸውን፣ ደረታቸውን፣ ወገባቸውን፣ የእጃቸውን ርዝመት ለካሁ። በደብተሬም ጻፍኩ። በሁለት ቀን ሰፍቼ ሰጠኋቸው። ሲለብሱት እንደ ሙሽራ አማረባቸው። ጥቂት ቀን ቆይተው ግን ብብቱ የተቀደደ ቀሚስ ይዘው መጡ። የማሽላ ራስ ሊቆርጡ እጃቸውን ወደ ላይ ሲያነሡ ተተርትሮ ነው። እኔ አፈርኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «ልጄ፣ የለካሽኝ ቆሜ ነው። እኔ ግን ቆሜ አልውልም» አሉኝ።

ክንድ ሲነሣ ጨርቅ ይሳባል። ወገብ ሲጎነበስ፣ ጉልበት ሲታጠፍ ጨርቅ ይወጠራል። ይህን በክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። በሰው ላይ ግን አላየሁትም ነበር።

ቀሚሱን ይዤ ገበያ ውስጥ በረንዳ ላይ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሄድኩ። አዩትና ፈገግ አሉ። መዳፍ የሚያህል ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ቆርጠው ከብብቱ ሥር አስገብተው ሰፉት። ከዚያ በኋላ እጅ እንደ ልብ ተነሣ። «ጋሼ፣ ይህን ከማን ተማሩት?» አልኳቸው። «ከተቀደደ ልብስ» ብለው መለሱልኝ።

እኒህ ሽማግሌ ግን እርሳቸውም ችግር ነበረባቸው። መጻፍ አይችሉም ነበር። የሰውን ልክ የሚይዙት ክር ላይ ቋጠሮ እየቋጠሩ ነው። አንድ ዓመት ለዓረፋ በዓል ብዙ ሰው ጨርቅ ይዞ መጣ። ክሩ ከክር ተደባለቀ። አንድ ገበሬ ፍየል ሸጦ ለሴት ልጁ ሠርግ የገዛው ጨርቅ በሌላ ሰው ልክ ተቆረጠ። የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ አይመለስም። ሽማግሌው ዋጋውን ከኪሳቸው ከፈሉ። ከዚያ በኋላ ነው ማንበብና መጻፍ ሊማሩ የተመዘገቡት። ዛሬ ደብተር አላቸው። ስም፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ቁመት ብለው በተራ ይጽፋሉ። «ቁጥር ከጻፍኩ ወዲህ እንቅልፍ አገኘሁ» ይላሉ።

እንግዲህ ለዚያ አባት የምሰጣቸው መልስ ይህ ነው። ልብስ ሰፊው የሰውን ሥራና ሰውነት ያውቃል። ትምህርት ደግሞ ያንን ዕውቀት በቁጥርና በወረቀት እንድናኖረው ያደርጋል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

እናንተም ቁጥር መጻፍ ችላችኋል። ስለዚህ የሚከተለውን ሞክሩ።

አንደኛ፣ ጨርቁ የጥጥ ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት ነክራችሁ አድርቁት። ጥጥ ሲታጠብ ያጥራል።

ሁለተኛ፣ ሰውየውን ቆሞም፣ ተቀምጦም፣ እጁን አንሥቶም ለኩት። ከስሙ አጠገብ ልኩን በሳንቲ ሜትር ጻፉ።

ሦስተኛ፣ የልብሱን ቅርጽ መጀመሪያ በወረቀት ቁረጡ። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይበቃል። ወረቀት ቢበላሽ ሌላ ይገኛል። ከዚያ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አድርጋችሁ በጠመኔ አስምሩ።

አራተኛ፣ ቁራጮቹን አጠጋግታችሁ አስቀምጡ። በአንድ ቀሚስ 25 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ቢባክን፣ በ10 ቀሚስ 2 ሜትር ተኩል ይባክናል። ይህ ለአንድ ልጅ ልብስ ይሆናል።

በገበያዎቻችን ሰልባጅ ይሸጣል። ርካሽ ስለሆነ ድሃ ቢገዛው አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ ልብስ የተለካው ለማናውቀው ሰው ነው። የእናቶቻችንን ሥራ አያውቅም። የእኛን ሥራ የሚያውቅ ልብስ የሚሰፋልን የራሳችን ልብስ ሰፊ ነው። እሱም ሥራ ካጣ መኪናውን ይሸጣል።

በድሮ ጊዜ ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» ተብሎ ይሰደብ ነበር። የሚሰድበው ሰው ግን ሸማኔው የሠራውን ጋቢ ለብሶ ነው። እንዲህ ያለ ንቀት ሙያን ይገድላል። በረባሶን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከመኪና ጎማ የሚሠራ የገበሬ ጫማ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2004 ሶል ሬብልስ የተባለ የጫማ ድርጅት አቋቋመች። ከአሮጌ ጎማና በእጅ ከተፈተለ ጥጥ ጫማ እያሠራች ለውጭ አገር ገበያ አቀረበች። የናቅነው በረባሶ ባሕር ተሻገረ።

አባቶቼና እናቶቼ፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ደብተራችሁን ግለጡ። ከቤተ ሰባችሁ አንዱን ለኩ። ስሙንና ልኩን ጻፉ። እጁንም አንሥቶ ለኩት! እኔ ይህን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሰማሁት፤ በደንብ የገባኝ ግን እዚህ ጭሮ፣ ከተቀደደ ቀሚስ ነው።