ጠመንጃ ከግለሰብ ሲገዛ የሚከፈለውና የማይከፈለው

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንድ አባላችን ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ መገኘት ላልቻላችሁ እንዲደርሳችሁ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ባለፈው ስብሰባ ስለ መንገድ መብራት ሲወራ ቆይቶ በመጨረሻ ወደ ሽጉጥ የዞረው ጭቅጭቅ ሳያልቅ ሰዓቱ ስለ ደረሰብን፣ ሰብሳቢያችን «አንተ የቀመስከው ነገር ስለሆነ አስረዳን» ብለው አቆሙኝ። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ዕድሜዬን በሾፌርነት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ጠመንጃ ግዙ ወይም አትግዙ ልላችሁም አልመጣሁም። ሱቁ የተዘረፈበትም ሰው እዚህ መካከላችን አለ፣ በቤቴ ብረት አይገባም የሚልም አለ። ይኼ የየቤቱ ጉዳይ ነው።

እኔ የምናገረው በየቡና ቤቱ ስለሚሰጠው አንድ ምክር ነው። ምክሩም፦ «ጠመንጃውን በሱቅ በኩል ካዛወርከው ታክስ ይቆርጡብሃል፤ ይልቅ ከሰውዬው ጋር ፓርኪንግ ላይ ተገናኙና ገንዘቡን ሰጥተህ ዕቃህን ተቀበል» የሚል ነው። ይህ ምክር ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ሕጉ የሚለው ግልባጩን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዋሽንግተን ስቴት ሕዝብ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ቁጥር 594 የተባለውን ሕግ በድምፁ አጸደቀ። ሕጉ ከዲሴምበር 4 ቀን 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በዚህም መሠረት የንግድ ፈቃድ የሌላቸው ሁለት ግለሰቦች ጠመንጃ ሲሻሻጡ ወይም ሲለዋወጡ ባለፈቃድ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ዘንድ ቀርበው፣ ተቀባዩ ሁላችንም «ባክግራውንድ ቼክ» የምንለውን ምርመራ ማለፍ አለበት። ነጋዴውም ዕቃውን ከራሱ መደርደሪያ አንሥቶ እንደሚሸጥ ሆኖ ወረቀቱን ሁሉ ይሞላል።

አሁን ወደ ታክሱ ልምጣ። ከዚያ ሕግ በፊት አሮጌ ጠመንጃ ከግለሰብ የገዛ ሰው ዩዝ ታክስ የሚባለውን፣ ማለትም ሻጩ ሳይሰበስብ ገዢው ራሱ ለስቴቱ የሚከፍለውን ታክስ፣ በሕግ ይፈለግበት ነበር። ማን ከፍሎ ያውቃል? ብትሉኝ፣ መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ግን፣ በእኔ ግምት፣ አንድ ነገር ታይቷቸዋል፤ ሰው በሱቅ በኩል በማለፉ ታክስ የሚጨመርበት ከሆነ ከሱቁ ይሸሻል። ስለዚህ በዚያው ሕግ ውስጥ፣ ሁለት ፈቃድ የሌላቸው ግለሰቦች የምርመራውን ግዴታ በሙሉ ከፈጸሙ በጠመንጃው ዋጋ ላይ የሽያጭ ታክስም ሆነ ዩዝ ታክስ እንዳይከፈል ተደረገ። «ከፈጸሙ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ነፃ የሚያደርገው በሱቁ በኩል ማለፉ ነው። ፓርኪንግ ላይ የተገበያየ ሰው ነፃነቱን አጣ ማለት ነው፤ ታክሱም ይፈለግበታል፣ ወንጀልም ሠርቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘበት ሰው በከባድ ደንብ መተላለፍ ይከሰሳል፤ ሲደግመው ግን ፌሎኒ ነው። ዜግነት ያልያዝን ሰዎች ደግሞ ፌሎኒ የሚባል ነገር ምን እንደሚያስከትል አንነጋገርም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።

እኔን ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። አምና አብሮኝ ሲሠራ የነበረ አንድ አሜሪካዊ ጡረታ ሲወጣ ሽጉጡን በ450 ዶላር ሸጠልኝ። ተያይዘን ወደ አንድ ሱቅ ሄድን። ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ ዋጋውን ጠየቀን፣ ነገርነው፤ እሱም ማሽኑን ጠቅ ጠቅ አድርጎ በአገልግሎት ክፍያው ላይ 46 ዶላር ከምናምን ሳንቲም ታክስ ጨመረበት። እኔም እንደ ደንቡ መስሎኝ ከፈልኩ። ማታ የእህቴ ልጅ ደረሰኙን አይታ «አጎቴ፣ ይኼ እኮ አይገባም» አለችኝና ሕጉን በስልኳ አውጥታ አነበበችልኝ። በማግስቱ ተመልሼ ብሄድ ልጁ «እኛ ሁሌም እንዲህ ነው የምንሠራው» አለኝ። ተሟገትኩ፤ ባለቤቱ ተጠራ፤ ወረቀቱን አየና ምንም ሳይናገር ገንዘቤን መለሰልኝ። ለተንኮል ያደረገው አይመስለኝም፤ ልጁ ሽያጩን እንደ ሱቁ ዕቃ አድርጎ ስለ መዘገበው ነው። ከዚያ ወዲህ የምመክረው የጠመንጃውን ዋጋ ለሻጩ በእጁ እንድትሰጡ፣ በሱቁ በኩል የአገልግሎቱን ክፍያ ብቻ እንድታሳልፉ፣ በደረሰኙም ላይ «የግለሰቦች ዝውውር» መሆኑን እንድታጽፉ ነው። የሁለታችሁ ስምና ዋጋው ያለበት አጭር የሽያጭ ውል ብትይዙም አይከፋም።

ታዲያ የሚከፈል ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ነጋዴው ለድካሙና ለወረቀት ሥራው ተመጣጣኝ ክፍያ እንዲጠይቅ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ቁጥሩን ግን አልወሰነለትም። እኔ ሦስት ሱቆች ደውዬ ሦስት የተለያየ ዋጋ ነው የነገሩኝ፤ አንደኛው የሌላውን እጥፍ ጠይቆኛል። አስቀድማችሁ ደውሉ። ከዚህ ሌላ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ምርመራውን የሚያካሂደው የስቴቱ ፖሊስ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ምርመራ 18 ዶላር ያስከፍላል። በዚያው ዓመት ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ገዢው ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ የደኅንነት ሥልጠና የወሰደበትን ማስረጃ ማቅረብ፣ ደግሞም 10 የሥራ ቀናት መጠበቅ አለበት። ይኼ ከግለሰብ ለሚገዛውም ይሠራል። ወደፊት ደግሞ ከሜይ 1 ቀን 2027 ጀምሮ የመግዣ ፈቃድ አስቀድሞ ማውጣት ግዴታ ይሆናል፤ ሕጉ በ2025 ወጥቷል።

ታክሱ የማይቀርበት ቦታም እንዳለ እወቁ። መደርደሪያ ላይ ያለው አሮጌ ሽጉጥ የሱቁ ንብረት ከሆነ ሽያጩ የንግድ ሽያጭ ነውና የሽያጭ ታክሱ ሙሉ በሙሉ ይከፈላል፤ ያም በሲያትል ከመቶ ከ10 በላይ ነው። በሌላ ስቴት ካለ ሱቅ በኢንተርኔት ገዝታችሁ እዚህ ባለ ነጋዴ በኩል ብትረከቡም ሻጩ ባለፈቃድ ነጋዴ ስለሆነ ነፃነቱ አይመለከታችሁም። በተጨማሪ የሲያትል ከተማ ከ2016 ጀምሮ በችርቻሮ በሚሸጥ በእያንዳንዱ ጠመንጃ 25 ዶላር በነጋዴው ላይ ጥሏል፤ ነጋዴዎች ተከራክረው በ2017 በስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረትተዋል። ይህም ቢሆን ችርቻሮ ሻጩን እንጂ እኔና የሥራ ባልደረባዬን የሚነካ አይደለም።

አሁን ብዙ ጥያቄ ወደሚነሣበት ወደ ዘመድ ነገር ልግባ። አገር ቤት የአያቴ ምንሽር ወደ አባቴ ሲተላለፍ ደረሰኝ የጠየቀ አልነበረም፤ አያቴ ሽማግሌዎች ባሉበት «ያንተ ነው» አሉት፣ አለቀ። እዚህም ሕጉ ለቅርብ ቤተሰብ በር ትቷል፤ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ፣ እህትና ወንድም፣ አያትና የልጅ ልጅ፣ አጎት፣ አክስት፣ የእህትና የወንድም ልጅ፣ የአጎትና የአክስት ልጅ፣ አማቶችም ጭምር በስጦታ ወይም በውሰት ያለ ሱቅ መሰጣጠት ይችላሉ። በስጦታ ነው ያልኩት! ወንድም ለወንድሙ ቢሸጥለት ግን ሱቅ መሄድ አለባቸው። ደግሞም የእኛ ዘመድ አቆጣጠር ሰፊ ነው፤ አበልጅ፣ የክርስትና ልጅ፣ የአገር ልጅ፣ ከሦስት ቤት በኋላ የሚቆጠር «የአጎት ልጅ» በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ባለቤቷ የሞተባት እህታችን ባለፈው የጠየቀችውን አልረሳሁትም። በውርስ የመጣ ሽጉጥ ያለ ምርመራ ይተላለፋል፤ ነገር ግን ወራሹ በ60 ቀን ውስጥ ወይ ለስቴቱ የፈቃድ መሥሪያ ቤት ሽጉጡን መያዙን ማሳወቅ፣ ወይ በሕጋዊ መንገድ ለሌላ ማስተላለፍ አለበት። ስልሳ ቀን ደግሞ ከለቅሶ ጋር ቶሎ ያልቃል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልቀመጥ። «እኔ ምርመራውን ስለማላልፍ በስምህ ግዛልኝ፣ ክፍያውን እኔ እችላለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ታናሽ ወንድማችሁም ቢሆን፣ እምቢ በሉ። ከ2022 የፌዴራል ሕግ ወዲህ ይህ ዓይነት ግዢ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። ይሉኝታ ይዞን የምንጠፋው እዚህ ላይ ነው።

የተመለሰልኝን ገንዘብ የሚያሳየውን ደረሰኝ ስሜን ሸፍኜ ኮፒውን ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ። ሱቅ የምትሄዱ ሁሉ ከእሳቸው ወስዳችሁ ባንኮኒው ላይ ማሳየት ትችላላችሁ።